የአባ ግን ጥያቄ

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፤

ይህ ወረቀት እጅዎ ሲገባ ወገብዎ ቀና ብሎ፣ ዓይንዎም ያለ እማዬ እርዳታ ፊደሉን የሚለይ ሆኖ ያግኝዎ። እንዴት ከርመዋል? ሳሉ ለቀቀዎት ወይስ ዛሬም ከእርስዎ ቀድሞ ጋራዥ ይገባል? የእማዬስ ጉልበት እንዴት ነው? ሐኪሙ «ደረጃ አትውጪ» ካላት ወዲህ የተወችው ደረጃውን ነው ወይስ ሐኪሙን? አያቴ እምዬስ? አሁንም የተባለውን ትተው ያልተባለውን ይሰማሉ? ወንድሜ ቡሎን ከመኪና ሥር የሚወጣው ለምሳ ብቻ ነው ብላ እማዬ ጽፋልኛለች። ታናሿ እህቴ ምጥንስ፣ የወለቀው ጥርሷ በቀለ ወይስ ገና በምላሷ ክፍተቱን እየፈተሸች ነው?

እኔ ደህና ነኝ። እማዬ ታምንም አታምንም እበላለሁ፤ በፎቶው የከሳሁ የመሰልኳት ያነሳኝ ልጅ እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ነው። የማድረው እንደ አምናው በሴቶቹ ማደሪያ ላይኛው ፎቅ፣ ከአንዲት የነርስነት ተማሪ ጋር ነው። ልጅቷ ጥሩ ናት፤ በእንቅልፏ የአጥንት ስም እየጠራች ከማጥናቷ በቀር ነውር የለባትም። መስኮታችን የሚያየው የልብስ ማጠቢያውን ጓሮ ነው። ጠዋት ጠዋት እንፋሎቱ ሲወጣ መስታወቱ ያልበዋል፤ ብራ ይሁን ደመና የምናውቀው በጨርቅ ወልውለን ነው።

ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ቆይቷል። መልሱ የዘገየው ተቀይሜ አይደለም፤ እዚህ የተጀመረ አንድ ነገር ነበር፣ መጨረሻውን ሳላይ ግማሹን ልጽፍልዎ አልፈለግሁም። አሁን አልቋል፤ ቢያንስ እኔን የሚመለከተው አልቋል።

በደብዳቤዎ «ሊበራል አርትስ የሚባለው ነገር ምን እንደሆነ ጎረቤታችን ባለ ፋርማሲው በየቀኑ ይጠይቀኛል፤ እኔም በየቀኑ የተለያየ መልስ እሰጠዋለሁ፤ አሁን መልስ አለቀብኝ» ብለውኛል። ለባለ ፋርማሲው ይህን ይበሉልኝ፦ ፍልስፍና፣ ታሪክ፣ ሥነ ጽሑፍና ሎጂክ እንማራለን፤ ሒሳብም አለ፣ ስለ ከዋክብትም ጥቂት አለ፣ ሙዚቃ እንኳ አለ። ሁሉንም በአንድ ላይ የሚማሩት፣ ነገርን ከሥሩ ጠይቆ፣ ሰምቶ፣ መዝኖ ለመናገር ነው ይላሉ መምህራኑ። «ስትጨርሺ ምን ትባያለሽ?» ላሉኝ ግን እውነቱን ልንገርዎ፤ የሚለጠፍ ስም የለውም። ሐኪሙ ሐኪም፣ መሐንዲሱም መሐንዲስ ይባላል። እኛን ምን እንደሚሉን ከመካከላችን አንዱን ብጠይቀው «ሥራ ፈላጊ» አለኝ።

እማዬ የምትፈራውንም ልመልስ። ዩኒቨርሲቲው የካቶሊክ ነው፤ ደወል አለው፣ ቀሳውስትና መነኮሳይያት ያስተምሩበታል፣ በየክፍሉ መስቀል ተሰቅሏል። ነገር ግን እስከ ዛሬ «እምነትሽን ቀይሪ» ያለኝ የለም። ሥነ መለኮት የሚባለውን ትምህርት የማይወስድ ተማሪ ግን የለም፤ እኔም ወስጃለሁ፤ የተማርኩት የራሴ ጸሎት ውስጥ ሳላስተውል ስደግማቸው የኖርኩ ቃላት ምን ማለት እንደሆኑ ነው። ትረጋጋ።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ።

«ፍትሕ» የሚባለውን ትምህርት የሚያስተምሩን አንድ ሽማግሌ ቄስ ናቸው። ተማሪው ሁሉ «አባ ግን» ይላቸዋል፤ ምንም ነገር ይንገሯቸው፣ መልሳቸው የሚጀምረው «ግን» በሚለው ነው። «ዛሬ ይበርዳል አባ» ካሏቸው «ግን ለማን?» ይላሉ። ሰሌዳ አይጽፉም፣ ቆመውም አያስተምሩም። አንድ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ቁጭ አድርገውን እሳቸውም እንደ አንዳችን ይቀመጡና ይጠይቃሉ። አንድ ቀን ይዘው የመጡት ጥያቄ «ሰው ሲሠራ የሚሸጠው ላቡን ነው ወይስ ዕድሜውን?» የሚል ነበር። ክፍለ ጊዜው አልቆ ደወል እስኪደወል ተከራከርን። ላብ በማግስቱ ይመለሳል፣ ዕድሜ ግን አይመለስም፤ ስለዚህ ሠራተኛን የሚቀጥር ሰው የማይመለስ ነገር እየወሰደ መሆኑን ማወቅ አለበት፤ የደረስንበት ይህን ነበር። አባ ግን ያለ «ግን» የተስማሙት ያን ቀን ብቻ ነው።

ነጻ የትምህርት ዕድል ያገኘን ተማሪዎች በየሳምንቱ ግቢው ውስጥ ጥቂት እንድንሠራ ደንብ አለ። ለእኔ የደረሰኝ የልብስ ማጠቢያው ነው፤ የማደሪያውና የክሊኒኩ አንሶላ ሁሉ እዚያ ይታጠባል። እርጥብ አንሶላ ከማጠቢያ መኪናው ሲወጣ ከሬሳ ይከብዳል፤ ከደረቀ በኋላ ግን ሁለት ሰው ጫፍና ጫፉን ይዞ ወጠር ያደርገውና፣ እየተጠጋጋ እያጠፈ መሐል ላይ ይገናኛል። እዚያ የሚሠሩት ሴቶች ናቸው። አለቃቸውን እትዬ እንፋሎት እንላቸዋለን፤ ሲቆጡ ከመናገራቸው በፊት በአፍንጫቸው እንደ ካውያ ይተነፍሳሉ። መጀመሪያ ሰሞን ስለ ትምህርቴ እያወራሁ እጄ ሲፈዝ ጊዜ «ልጄ፣ በአፍ የታጠፈ አንሶላ አላየሁም» ብለውኛል።

የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ሲጋመስ ማጠቢያው በር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ሥራው ለውጭ ድርጅት ስለሚሰጥ የሠራተኞቹ አገልግሎት በመንፈቀ ዓመቱ መጨረሻ ያበቃል ይላል። ከግርጌው «ለረጅም ዘመን አገልግሎታችሁ ያለን ምስጋና የላቀ ነው» የሚል ነበረበት። እትዬ እንፋሎት መነጽራቸውን ስላልያዙ እኔ ነኝ ያነበብኩላቸው። ደጋግሜ እንዳነብ አደረጉኝና «የላቀ ነው ይላል። ከምን የላቀ? ከደሞዙ?» አሉ። ሴቶቹ ሳቁ። ከዚያ አንዷ ጀርባዋን ሰጥታን ማልቀስ ጀመረች፤ ሌሎቹ ወደ መኪናው ተመለሱ፤ የረጠበው አንሶላ ማስታወቂያ አያነብም።

በእኛ ክፍል «ጠበቃው» የምንለው ልጅ አለ፤ ሳይቀጠር የሚከራከር ስለሆነ ነው ስሙ የወጣለት። ነገሩን ስነግረው በቀጥታ ወደ ገንዘብ ያዧ መነኩሲት ሄዶ ጠየቀ። እሷም አልሸሸገችም። ማጠቢያው ከሚያስገባው ይልቅ የሚበላው ስለበዛ የዩኒቨርሲቲው አስተዳደር ጉባኤ በሙሉ ድምፅ ወስኗል፤ እጃቸውን ካወጡት አንዱ አባ ግን ናቸው። ጠበቃው ይህን ይዞ ሲመለስ ፊቱ ቀልቷል። «ለእኛ ዕድሜ ነው የሚሸጠው ይሉናል፣ ጉባኤ ሲገቡ ይሸጡታል!» አለ። እሱ የፈለገው አድማ ነበር። እኔ አድማውን አልወደድኩትም፤ ዝም ማለቱንም አልወደድኩትም።

የአባ ግን ፈተና በቃል ነው። ተማሪው አንድ ጥያቄ ይመርጣል፤ ጥያቄው አስቀድሞ ይለጠፋል፤ በቀኑ አዳራሽ ውስጥ በሦስት መምህራን ፊት ቆሞ ይሟገታል፤ የፈለገ ሰው ገብቶ መስማት ይችላል። እኔ «ይህ ዩኒቨርሲቲ የልብስ ማጠቢያውን ሠራተኞች ማሰናበቱ ፍትሕ ነው ወይ?» የሚለውን መረጥኩ።

ወሬው እግር የለውም፣ ግን ይሮጣል። ዲኑ አስጠሩኝ። ሻይ አዘዙልኝ፤ ስለ ቤተሰቤም ጠየቁኝ። ከዚያ በለሰለሰ ድምፅ «ሌላ ጥያቄ ብትመርጪ አይሻልም? ያጎረሰን እጅ መንከስ እንዳይመስልብሽ። ነጻ ዕድሉ በየዓመቱ የሚታደስ መሆኑን ታውቂያለሽ» አሉኝ። አላስፈራሩኝም፤ የማውቀውን ነው ያስታወሱኝ። ሻዩ ግን አልወረደልኝም።

የእርስዎ ደብዳቤ የደረሰኝ በዚያው ሰሞን ነው። «ወደ ምህንድስና መዛወር እንደሚቻል ሰምቻለሁ፤ ሰው አንድ ጊዜ ይስታል፣ ከመንገዱ በጊዜ ሲመለስ ስሕተት አይባልም። ትምህርትሽን ብቻ ተማሪ፣ የማይመለከትሽ ነገር ውስጥ እጅሽን አትክተቺ» ይላል። እርስዎ ስለ ማጠቢያው የሚያውቁት ነገር የለም፤ ዲኑም እርስዎን አያውቁም። የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች በአንድ አፍ ሲናገሩ መቼም ማሰብ አይቀርም። አሰብኩ። አስቤም ለአባ ግን ራሳቸው ልነግራቸው ቢሯቸው ሄድኩ።

ወረቀት ላይ አጎንብሰው ያነብቡ ነበር። ጥያቄውን ልቀይረው ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። ቀና ብለው አዩኝና «የመረጥሽው ጥያቄ ነው? ወይስ የጥያቄ ልብስ የለበሰ መልስ?» አሉኝ። ጥያቄ ነው አልኳቸው። «እንግዲያው ይለጠፍ» አሉ። በሩ ጋ ስደርስ ጠሩኝ፤ «ግን ተዘጋጂ። አልምርሽም» አሉኝ። እጃቸውን ስለማውጣታቸው እሳቸውም አላነሱት፣ እኔም አላነሳሁት።

በፈተናው ቀን አዳራሹ ሞላ። እንደዚያ ሞልቶ አይቼው አላውቅም፤ ወትሮ የተፈታኙ ጓደኞችና እንቅልፍ የተረፈው ሰው ነው የሚመጣው። የማጠቢያው ሴቶች እጅጌያቸውን እንደሰበሰቡ ኋላ ወንበር ተቀምጠዋል። መኪናውን እየሠራ ትተውት ስለመጡ በየመሐሉ አንዷ ብድግ እያለች አይታው ትመለሳለች። ዲኑ ዳር ይዘው ቆመዋል። ፈታኞቹ አባ ግን፣ የታሪክ መምህርታችንና የሎጂክ መምህሩ ናቸው። የሎጂክ መምህሩ ስለ ፍትሕም ሆነ ስለ አንሶላ ግድ የላቸውም፤ «ስለዚህ» የሚለው ቃል ያለ ቦታው እንዳይገባ ብቻ ነው የሚጠብቁት።

ተናገርኩ። ስለ ላብና ስለ ዕድሜ ክፍል ውስጥ የተስማማንበትን አነሳሁ። ትምህርቱ በሩ ጋ ሲደርስ የሚያበቃ ከሆነ ለምን እንማረዋለን አልኩ። ጠበቃው እያጨበጨበ አስቸገረ። እኔም ለራሴ ጥሩ የተናገርኩ መሰለኝ።

ከዚያ የአባ ግን ተራ ደረሰ። «ግን ገንዘቡ ከሌለስ?» አሉ። የተዘጋጀሁበት ስለነበር መለስኩ። «ግን ማጠቢያው የሚበላው ገንዘብ የአንቺን ዓይነት ተማሪ ማስተማሪያ ቢሆንስ? እነዚህን ሴቶች ላቆይ ብዬ ከአንቺ በኋላ የሚመጣውን የድሃ ልጅ በር ልዝጋበት? ከሁለቱ የትኛውን ታስወጪያለሽ?» አሉኝ። ፈልጌ ፈልጌ ያገኘሁት «አላውቅም» የሚል ብቻ ነበር። አልኩት። አዳራሹ አጉረመረመ። እኔም እንደ መሸነፍ ብዬ «የማውቀው አንድ ነገር ነው። ይህ ሲወሰን ሴቶቹን ምን ትላላችሁ ብሎ የጠየቃቸው የለም» አልኩ።

አባ ግን «አንቺስ ጠየቅሻቸው?» አሉኝ።

አባቴ፣ እኔ ከእነዚህ ሴቶች ጋር በየሳምንቱ አንሶላ አጥፋለሁ። ስለ እናንተ ልናገር ነው ብያቸዋለሁ፤ መርቀውኛል። መቆየት ትፈልጋላችሁ ወይ ብዬ ግን አንዷንም አልጠየቅኋትም። መፈለጋቸውን በራሴ ቆርጬ ነበር። «አልጠየቅሁም» አልኩ።

አባ ግን መነጽራቸውን አወለቁ። «እኔም አልጠየቅሁም። ጉባኤው ላይ እጄን ያወጣሁት ሳልጠይቅ ነው» አሉ። ድምፃቸውን ከፍም ዝቅም አላደረጉም፤ ስለ አየሩ የሚናገሩ ይመስሉ ነበር። ዲኑ ጣራውን አዩ። ከዚያ አባ ግን ወደ ኋላ ወንበር ዞረው «እስኪ አሁን እንጠይቃቸው» አሉ። የሎጂክ መምህሩ ይህ ከፈተናው ሥርዓት ውጭ ነው ቢሉ «ግን ፈተናው የእኔ ነው» ብለው ዘጓቸው።

እትዬ እንፋሎት ተነሱ። እንደ ወትሯቸው በአፍንጫቸው ተነፈሱና «እኔ መሄድ ነው የምፈልገው» አሉ። ክው አልኩ። ጣቶቻቸው ማበጣቸውን፣ ልጃቸው እኔ ጋ ኑሪ እያለች ከለመነቻቸው መክረሙን ተናገሩ። «ያቃጠለኝ መሄዱ አይደለም። እንደ እጣቢ መደፋቱ ነው። ለሠራሁበት ዘመን የሚገባኝን ሰጥታችሁ፣ እጄን ጨብጣችሁ ሸኙኝ» አሉ። ንግግራቸውን ሳይጨርሱ ካውያ የምትይዘው ወጣት ከአጠገባቸው ብድግ አለች። «ለራስዎ ይናገሩ እትዬ! እኔ ሁለት ልጅ አለኝ፣ የትም አልሄድም!» አለች። ሌላዋ ድርጅቱ ከተቀበለኝ ምን ቸገረኝ አለች። አራተኛዋ ድርጅቱን የሚያውቅ ዘመድ አለኝ፣ ሰው አያከብሩም አለች። እኛን ረስተውን እርስ በርሳቸው ገጠሙ። ሦስቱ ፈታኞችና እኔ ተፈታኟ ተመልካች ሆንን። ነገሩ የበረደው ከማጠቢያው የመኪናው ጩኸት ሲሰማና ሁሉም ብድግ ብለው ሲሮጡ ነው።

ውጤቴ መካከለኛ ነው። እንዳይታለሉ ብዬ ነው የምነግርዎ፤ ከፍተኛ አላገኘሁም። አባ ግን «ጥያቄሽ ጥሩ ነበር፤ ግን ለሰው ከመናገርሽ በፊት ሰውየውን መስማት ነበረብሽ። እኔን የሚፈትነኝ ቢኖር ከዚህ ያነሰ ነበር የማገኘው» አሉኝ። ቅር አላለኝም። ጠበቃው ቅር ብሎታል፤ እስካሁን ይግባኝ በዪ ይለኛል።

ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም ነው፣ አሳጥረዋለሁ። አባ ግን ጉባኤው ጉዳዩን እንደገና እንዲያየው ጠየቁ። ገንዘብ ያዧ መነኩሲት ተቃወመች፤ ቁጥሩ በጸሎት አይለወጥም አለች አሉ፤ እውነቷንም ነው። በመጨረሻ ሴቶቹ አንድ በአንድ እየገቡ ተጠየቁ። ድርጅቱ መምጣቱ አልቀረም። ነገር ግን መሄድ የፈለጉት ለሠሩበት ዘመን ካሳ ተሰጥቷቸው ሄዱ፤ እትዬ እንፋሎት ሁሉንም ጨብጠው ወጡ፣ የዲኑን እጅ እስኪያማቸው ድረስ እንደጨበጡ ይወራል። ባለ ካውያዋ ወጥ ቤት ተመደበች። ሌሎቹ ወደ ድርጅቱ ተዛወሩ። አንዷ ግን፣ ከእኔ ጋር አንሶላ ጫፍና ጫፍ የምንይዘው ዝምተኛዋ ሴት፣ በጊዜያዊነት የተቀጠረች ናት ተብሎ ምንም አልደረሳትም። በአዳራሹም ያልተናገረችው እሷ ብቻ ነበረች። አንድ ቀን ሽርጧን አጣጥፋ መደርደሪያው ላይ አስቀምጣ ሄደች። የት እንደገባች የሚያውቅ አላገኘሁም። ጠይቄያለሁ።

ጠበቃው አባ ግንን ከጉባኤው ይውጡ ብሎ በአደባባይ ሞገታቸው። «ወጥቼ ንጹሕ ልባል? ግን እዚያ ውስጥ የሚጠይቅ ማን ይቀራል?» አሉት። የማን እውነት እንደሆነ እስካሁን አልቆረጥኩም። ነጻ ዕድሌ ታድሷል። ዲኑ ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ፤ አሁንም ሻይ አዘዙልኝ፤ ይኼኛው ወረደልኝ። የሥራ ምድቤ ወደ ቤተ መጻሕፍት ተቀይሯል። አባ ግን ደግሞ በሚቀጥለው ፈተና የጉባኤውን ወገን ይዤ እንድሟገት አዘውኛል። ስለዚህ ይህን ሰሞን ከገንዘብ ያዧ መነኩሲት ጋር ቁጭ እያልኩ እሷን መስማት ጀምሬያለሁ። እንዳሰብኳት ክፉ አይደለችም፤ እንዳሰብኩትም የዋህ አይደለችም።

አሁን የሚያስቆጣዎትን ልናገር። ወደ ምህንድስና የመዛወሪያው ቀን ትናንት አለፈ። አልተመዘገብኩም። ረስቼ አይደለም፤ በሩ ድረስ ሄጄ ሰልፉን አይቼ ነው የተመለስኩት። ምህንድስናን ንቄም አይደለም። በዚያ አዳራሽ «አላውቅም» ስል መሬት የከዳኝ መስሎኝ ነበር፤ በማግስቱ ግን ማወቅ የምፈልገው ነገር ከመቼውም ይልቅ በዝቶ አገኘሁት። ያን ጥዬ ልሄድ አልቻልኩም። ምን በልተሽ ትኖሪያለሽ ካሉኝ፣ የታሪክ መምህርታችን ስጨርስ ከእሷ ጋር እንዳስተምር ከአሁኑ እያነጋገረችኝ ነው። የተረጋገጠ ነገር አይደለም፣ እንደ ተረጋገጠ አድርጌም አልነግርዎም። ቢቆጡ ይገባዎታል። ይቆጡኝ፤ ብቻ ዝም አይበሉኝ።

እማዬን ጉልበቷን ሳሙልኝ፤ የላከችው ሹራብ ልክ ሆኖኛል፣ እጅጌው ብቻ ለሌላ ሰው የታሰበ ይመስላል። እምዬን በቀኝ ጆሯቸው በኩል ሆናችሁ «ልጅዎ ሰላም ብላዎታለች» በሏቸው፤ «ታማለች» ብለው ከሰሙ እስኪስቁ ድገሙላቸው። ቡሎንን አንዳንዴ ከመኪናው ሥር ወጥቶ እንዲጽፍልኝ ንገሩልኝ፤ እጁን ታጥቦ። ምጥንን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሟት፤ ጥርሱ ሲበቅል ሥዕሉን ትላክልኝ። ለአክስቴና ለቤቷ ሰው ሁሉ ሰላም በሉልኝ። ለባለ ፋርማሲውም እንደዚሁ፤ ከእንግዲህ ጥያቄ ካለው በቀጥታ ለእኔ ይጻፍ።

ለእርስዎ ግን ሰላምታ ብቻ ልኬ አልተውዎም። የምህንድስናውን ነገር ሲጽፉልኝ፣ እርስዎ በእኔ ዕድሜ ምን ለመማር ይመኙ እንደነበር አሰብኩ፤ አላውቀውም። ልጅዎ ሆኜ ይህን ሁሉ ዘመን ስኖር አንድ ቀን ጠይቄዎት አላውቅም። አሁን ጠየቅሁዎ አባቴ። ሳይቸኩሉ ይመልሱልኝ፤ እሰማዎታለሁ።

አክባሪዎ የበኩር ልጅዎ

ከዩኒቨርሲቲው ግቢ፣ ከሴቶቹ ማደሪያ ላይኛው ፎቅ
ግንቦት ፲፬ ቀን፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ